የእግሬ ልክ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ሁለት እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ ወረቀቱን ሆዴ ላይ ዘርግቼ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ሐኪሙ «እማማ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ እግርዎን ከልብዎ ከፍ አድርገው ያሳርፉ» ብሎኛል። ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛዬ ይህን ሰምታ «አንቺማ ባለሥልጣን ሆንሽ!» እያለች ስትስቅብኝ ዋለች።

ሕመሙን በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት በልብስ ሰፊነት የመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ስቆም ኖሬ፣ ደሙን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱት ሥሮች ደክመዋል አለኝ ሐኪሙ። ከምሳ በኋላ ባቴ ይከብዳል፣ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፣ ጫማው አልገባም ይላል። ሕመሙ ጨርሶ አይድንም፣ ግን መቆጣጠር ይቻላል። አሁን በየሰዓቱ መቀሱን አስቀምጬ እስከ በሩ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ቆሜ ስቆርጥም ተረከዜን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ደንበኞቼ የምጨፍር እየመሰላቸው ነው።

ያ ሐኪሙ ያዘዘልኝ፣ እብጠቱን እንዲቀንስ ባትን አጥብቆ የሚይዘው ካልሲ ግን አዋርዶኝ ነበር። ልክሽን ላኪ ስትዪኝ፣ ከሥራ ገብቼ ባቴንና ቁርጭምጭሚቴን በሜትር ለካሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ እንዳያፍነኝ ብዬ ሁለት ጣት ትርፍ ጨመርኩበት! የላክሽው ካልሲ መጣና እንደ ከረጢት ቁልቁል ተንሸራተተ። የሠራውን ፋብሪካ ሳምንት ሙሉ ስረግም ከረምኩ። በስልክ ስነግርሽ «እማዬ፣ ማታ እግርሽ አብጦ ነዋ የለካሽው! ደግሞ ትርፍ? እሱ እኮ ቀሚስ አይደለም!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ለካ የሚለካውም የሚጠለቀውም ጠዋት፣ ከአልጋ ሳይወረድ ነው። የጎማ ጓንት አድርጊ፣ ተረከዙን ገልብጠሽ ጀምሪ፣ ሽብሽብ እንዳይኖረው በመዳፍሽ አስተካክዪው እያልሽ ሁሉንም አስረዳሽኝ። ሐኪሙ እንኳ ይህን ያህል አልነገረኝም።

ሁለተኛው የላክሽው ካልሲ ከሦስት ሳምንት በፊት በሰው እጅ ደረሰኝ። ሐኪሙ የእግሬን ትርታ ዳስሶ፣ ካልሲውን አይቶ «ልክዎ ነው» አለኝ። ሲመሽ እግሬ ቀሎኝ፣ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ። ስንት ጊዜ እንደመረቅኩሽ!

ባለፈው እሑድ ግን ላጥበው ብዬ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ተረከዙ ሳስቷል። ጠርዙ አንድ ቦታ ተተርትሮ በእጅ ተሰፍቷል፤ ጥቃቅን ወደ ኋላ የሚመለስ ስፌት፣ መጨረሻው ላይ ድርብ ቋጠሮ። ያንን ቋጠሮ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ካልሲውን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

«ከሱቅ ገዛሁልሽ» ብለሽኝ ነበር። «ሥራዬ ወንበር ላይ ነው፣ አታስቢ» ብለሽኝ ነበር። ልጄ፣ ይህ አንቺው ስታጠልቂው የኖርሽው ነው፤ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ካልሲ ደግሞ ተረከዙ እንዲህ አይሳሳም።

አልቆጣሽም። መደበቅን ከማን ተማርሽው? አንቺ ትንሽ ሳለሽ ያበጠውን እግሬን በረጅም ቀሚስ ሸፍኜ «ደህና ነኝ» ስልሽ አደግሽ። ሐኪሙ በዘር ይወርዳል ሲለኝም ዝም አልኩሽ። አንቺን ማስፈራት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው እኔው ነኝ የፈራሁት። ያን ጊዜ ብነግርሽ ቀድመሽ ትታከሚ ነበር። ይቅር በይኝ።

እኔ እዚህ ከመድኃኒት ቤት አዲስ አዝዣለሁ፤ በጠዋት ለክቼ፣ ያለ ትርፍ። ያንቺን አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። ግን አንዱ እግርሽ በድንገት ካበጠ ወይም ከቀላና ካተኮሰ አንድ ቀን እንዳታሳድሪ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ለእኔ ከላክሽው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንቺ ምን አጥልቀሽ ነው ቆመሽ የምትውይው?

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይጠብቅልኝ፤ ደህና ውለሽ ደህና ግቢልኝ።

ከእንግዲህ የማትደብቅሽ፣
እናትሽ