አማካሪ ጠይቀን አማካሪ ስለተሰጠን

ለክቡር የቀርከሃ ጥላ ድኅረ ምረቃ ኮሌጅ ዲን
አሶሳ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን እመኛለሁ። እንቅልፍን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ እኛ በማደሪያችን ካጣነው ሰነባብተናልና ከእርስዎም ዘንድ እንዳይጠፋ ሰግቼ ነው። እኔ የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ጣሀ ስሆን፣ ስለሚደረግልን እንክብካቤ ያለኝን ምስጋና ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ስለከበደኝ በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው መስከረም ስለተከበረው የአእምሮ ጤና ቀን እናመሰግናለን። ቲሸርቱ ለሁላችንም ደርሶናል፤ "ብቻህን አይደለህም" የሚለው ጽሑፍ በመጀመሪያው እጥበት ለቀቀ እንጂ ጨርቁስ ጠንካራ ነው። የክብር እንግዳው "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" ብለው ሲመክሩን አጨብጭበናል፤ የእኛ ጥያቄ ግን ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ሲባል ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

፪. የባምባሲዋ የክፍል ጓደኛዬ ቀነኒ ምክሩን ከልቧ ሰምታ ነበር። ምግብ አልወርድ ሲላት፣ እንቅልፍም አልወስዳት ሲል፣ የመመረቂያ ጽሑፏን በከፈተች ቁጥርም ወዲያው መልሳ ስትዘጋው፣ ምንም ሳትሸሽግ "አማካሪ ይመደብልኝ" ብላ ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተች። ጽሕፈት ቤትዎም በሚያስደንቅ ፍጥነት "አመልካቿ አማካሪ አላት" ሲል ወስኖ ማመልከቻዋን ወደ መመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዋ መራው። የሚያስጨንቃትን ሰው ራሱን የጭንቀቷ ሐኪም አድርጎ መመደብ፣ ወጪ በመቆጠብ ረገድ አቻ የሚገኝለት አይመስለኝም።

፫. ክቡር አማካሪዋ ምዕራፎቿን ለወራት ሳያነቡ ቢያቆዩም፣ ይህችን አንዲት ገጽ ግን አንብበዋል። "የችግሩ መግለጫ ግልጽ አይደለም፤ ዋቢ ይጠቀስ" የሚል አስተያየት አስፍረውም መለሱላት። ቀነኒ ለእንቅልፍ ማጣቷ ዋቢ ስላልነበራት ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ መናኸሪያ ወረደች። የሸኘኋት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። ጽሑፏ ያለበትን ፍላሽ ሰጥታኝ "ከፈለግህ አጥፋው" አለችኝ። ፍላሹ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ በነካሁት ቁጥር እናደዳለሁ።

፬. የምንለምነው አንድ ሰው ነው፤ ውጤት የማይሰጠን፣ ምዕራፍ የማይጠይቀን፣ በሩን ዘግቶ የሚያዳምጠን ባለሙያ። የስሙ መመሳሰል ጽሕፈት ቤትዎን የሚያስቸግር ከሆነ ሌላ ስም እኛው እናወጣለታለን።

ትዕግሥትን ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከቢሮዎ ደጃፍ አግዳሚ ላይ የተማርኩ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣

ጣሀ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቀነኒን አማካሪ ስም ሳልጠቅስ ያለፍኩት፣ እርስዎ መሆንዎ ትዝ ይልዎት እንደሆነ ለማየት ነው። ስልክ ቁጥሯ በላከችልዎት ጽሑፍ ሽፋን ላይ ይገኛል፤ ለመደወል ውስጡን ማንበብ አያስፈልግዎትም።