ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠ አቡጀዲ

ሰኞ፣ ጁን 8
ዛሬ ኦፍ ነኝ። ልብስ አጠብኩ። ማድረቂያው ድራየር አሁንም ይንጫጫል። ባሌ ጣሰው «እሠራዋለሁ» ካለ ሁለት ወር... የገዛ ልጁ ሠርግ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው፣ እሱ ሶፋው ላይ ነው።

ከሰዓት እትዬ ሮማን ኮል አደረጉ። የሙሽራው የዳጊ አክስት፤ እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለሠርጉ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ስለ ምግቡ መስሎኝ...

«የመልሱ ቀን ሚዜዎቹ ምሥራቹን ይዘው ይገባሉ። ጨርቁም ይታያል። በወጉ!»

የድንግልና ጨርቅ! ልጆቹ እዚሁ ኦሃዮ፣ ጋሃና የምትባል ከተማ አንድ አፓርትመንት ውስጥ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት አለፋቸው እኮ። «እሺ እትዬ» ብዬ ዘጋሁ። ፈሪ!

ረቡዕ፣ ጁን 10
ለልጄ ለሔራን ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

«ማሚ፣ ይሄ ቪክቶሪያን ነው!»

ምን ማለት ነው ብላት፣ የድሮ የእንግሊዝ ንግሥት ናት፣ በሷ ዘመን ሴት እግሯን ማሳየት እንኳ ነውር ነበር አለችኝ። ንግሥቲቱን አላውቃትም። አማቴን፣ የጣሰውን እናት፣ ግን አውቃለሁ።

ጨርቅ ከተጠየቀች መልሱ ላይ አትገባም። እምቢ ካልን ደግሞ አክስቱ ይቀራሉ፤ የዳጊ ልብ ይሰበራል። ምን ይሻላል?

እሑድ፣ ጁን 14
«ቀይ ቀለም ጠብ አድርገን እንገላገል» አለ ጣሰው። አውራ ጣቱን አየሁት። ጠባሳውን።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም... እዚህ ልጻፈው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ደብረ ብርሃን፣ ተሞሽሬ። ወንድ ነክቶኝ አያውቅም። ደም ግን አልመጣም። የጣሰው እናት በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ጣሰው ምላጭ አንሥቶ አውራ ጣቱን ቆረጠና አቡጀዲው ላይ አንጠባጠበ። እልልታው ቀለጠ! እኔ ግን «አንድ ቀን ይታወቃል» እያልኩ ስንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ እንኳ፣ የሚጠይቅ ቢመጣ ብዬ ጨርቁን በሻንጣ ይዤ መጣሁ። ኦሃዮ ድረስ! እብድ።

ልጄም ትዳሯን በቀለም ትጀምር?

ሐሙስ፣ ጁን 18
ወሰንኩ። «ሰው ፊት እናገራለሁ፤ ትፈቅዳለህ?» አልኩት ጣሰውን።

«ጣቱ የኔ፣ ምስጢሩ ያንቺ» አለ።

ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ። ድራየሩን ባይሠራም።

ሰኞ፣ ጁን 22
ትናንት መልሱ... ጓሯችን፣ ድንኳኑ ሥር። እትዬ ሮማን ገና ሳይቀመጡ «የታለ ምሥራቹ?» አሉ። ሚዜዎቹ አቀረቀሩ። ሔራን እጄን ጨመቀችው።

ተነሣሁ። አቡጀዲውን ዘረጋሁት። «ምሥራቹ ይኸው! የኔ ነው። ደሙ ግን የጣሰው ነው!» ሁሉንም ተናገርኩ። ጣሰው ብድግ ብሎ አውራ ጣቱን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገ። «ልጄ ለማንም ደም አታሳይም። ተዋደዋል፤ ምሥራቹ እሱ ነው» አልኩ።

ከወደ ኋላ አንዷ እልል አለች። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ! ይኼን ያህል ቀና ብዬ ቆሜ አላውቅም።

እትዬ ሮማን ግን ተነሥተው ኪችን ገቡ። ተቀየሙ ብዬ ተከተልኳቸው። በሩን ዘጉ።

«የኔ...» አሉ። «የኔ የዶሮ ነበር።»

አርባ ስድስት ዓመት አፍነውት! ፍሪጁን ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። «አንቺስ ባል አግኝተሻል» አሉኝ። ወጥተው ሙሽሮቹን አገላብጠው ሳሙ፣ መረቁ። ስለ ጨርቅ የጠየቀ የለም።

ሐሙስ፣ ጁን 25
ጣሰው ድራየሩን ሠራ። ተአምር!

አቡጀዲውን በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ደሙ አልለቀቀም። አይልቀቅ። ለሁለት ቀደድኩት። ግማሹን እትዬ ሮማን ለጫማ መወልወያ ወሰዱት። በግማሹ የመኪናዬን መስታወት ወለወልኩ።

ሲያጠራ ጉድ ነው!