ይቆይልኝ ያለው መንጃ ፈቃድ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ዛሬም ቀበሌ ሸንጎ ውዬ መጣሁ። የልጄ አባት ታደለ ለትርሲት ቀለብ አልሰጥም ስላለ፣ ሸንጎው ባለፈው ወር መንጃ ፈቃዱን ይዞበታል። የጭነት መኪና ሹፌር ያለ ፈቃድ ምን ይሆናል? ሳምንት ሳይሞላው እግሬ ላይ ይወድቃል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ።

ተላጭቶ፣ ፊቱ ወዝቶ መጣ። የእህቱን ሱቅ እየጠበቀ ነው አሉ። ሊቀመንበሩ "ምነው ታደለ፣ ቀለቡን ከፍለህ ፈቃድህን አትወስድም?" ቢለው "ሥራ የለኝ፣ ከየት አምጥቼ? እዚሁ ይቆይልኝ" አለ።

ነገሩ የገባኝ ከበር ስንወጣ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሹፌሮቹን ሁሉ ለጦሩ ስንቅ ጫኑ እያሉ ጦርነት ባለበት በዛሪማ መንገድ እየሰደዷቸው ነው። አያ መኮንን ከነመኪናው ተቃጠለ። ፈቃድ የሌለውን ግን አይነኩም" አለኝ።

አያ መኮንን! ባለፈ ቁጥር ለትርሲት ብርቱካን የሚጥልላት ሰውዬ።

ሊቀመንበሩ ፈቃዱ ይመለስለት ወይስ ይቆይ፣ ሰኞ ቁርጡን ንገሪን ብሎኛል። ይመለስለት ብል መንገድ ይወጣል፣ ከደመወዙም ለልጁ ይቆረጥላታል። ምናልባት አንድ ወር። ከዚያስ? ይቆይ ብል ደግሞ ልጄ ጦሟን ተማሪ ቤት ትሄዳለች።

ስንለያይ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ" አለኝ። በትዳራችን ዘመን አንድ ቀን እንኳ አመስግኖኝ አያውቅም።

ቤት ስደርስ ትርሲት በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን አላየችም፤ ያየችው እጄን ነው።