ለቴሌቪዥኑ ሲባል

ኅዳር 3
ዛሬም ያው ነው። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ... እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖት ውጭው ዝናብ ይሁን ፀሐይ ሳላውቅ ዋልኩ። ከምሳ በፊት የልብስ ማጠቢያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። «እስከ ጥር መጨረሻ አንድም ሰው ካልተጎዳ ለመተኮሻ ክፍሉ ሠራተኞች አንድ ቴሌቪዥን አለ፤ ዕጣ የወጣላት ቤቷ ትወስደዋለች» አለን። ጭብጨባው! ቀጮ የምንላት ጓደኛችንማ ከአሁኑ ቁም ሳጥኗን ገፍታ ቦታ ልታዘጋጅለት ነው። በሳቅ ሞትን።

ኅዳር 11
እማማ ቆይ ትዝ አሉኝ። ጡረታ እስኪወጡ የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን እኔ ነኝ። «ቆይ» ከአፋቸው ስለማይጠፋ ነው ስሙን ያወጣንላቸው። አንዷን እንፋሎት ከነካት ሥራ ያስቆማሉ፣ ከበናት እንቆማለን። «በይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪን» ይሏታል። እያጋነነች ትናገራለች፣ እንስቃለን። መሃል ላይ፣ «ቆይ፣ ያኔ ግራ እጅሽ የት ነበር?» ይላሉ። በዚያው መንገድ ሁለተኛ የሚቃጠል አልነበረም። እንዴት ደስ ይል ነበር... ሰሞኑን ስለ ቃጠሎ የሚያወራ ሰው የለም። ስላልተቃጠልን ነው?

ታኅሣሥ 6
እዚሁ አብራኝ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ረጅም እጅጌ ለብሳ ዋለች። በዚያ ሙቀት! «በርዶኝ ነው» አለች። ማንን ነው የምታሞኘው?

ታኅሣሥ 7
ማታ ልብሷን ስትቀይር አየሁት። ከክርኗ በታች ቆዳው ተልጧል። ልጮህ ስል በመዳፏ አፌን አፈነችኝ።
«የመተኮሻ ማሽኑ መከላከያ ብረት ላልቷል። እጄ ሲጠጋ ማሽኑን ማቆም ነበረበት፤ አላቆመውም።»
«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»
«ቴሌቪዥኑስ? ሁሉም ይጠምደኛል። ቀጮማ ትገድለኛለች። በእናታችን ይዤሻለሁ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ!»
በእናታችን... ነገ እዚያ ማሽን ላይ ማን ሊቆም ነው? ሌላዋ። ወይ ራሷ።

ታኅሣሥ 8
ማሽኑን ዘጋሁት። ለሥራ አስኪያጁም ነገርኩት። መካኒኩ ብረቱን በእጁ እያወዛወዘ፣ «እግዜር ነው ያተረፋችሁ» አለ። ቴሌቪዥኑ ቀረ። ቀጮ፣ «ስንት ተጠንቅቀን...» ብላ ሳትጨርሰው ሄደች። ሁሉም ፊቱን አዞረብኝ። ቤት ስገባ እህቴ ራቷን ብቻዋን በልታ ተኝታለች።

ታኅሣሥ 15
ኩርፊያ። አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን እንደ እንግዳ ሆነናል። ለእማማ ቆይ ደውዬ ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ቆይ፣ እጇን ሐኪም አይቶላታል?» አሉኝ። አላየላትም። እኔ ስለ ኩርፊያዋ ስብሰለሰል እሳቸው ስለ እጇ... ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እንዴት እንደናፈቁኝ!

ታኅሣሥ 16
ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ቅባት አዘዘላት። ስንመለስ ጥላኝ ከፊት ከፊት ሄደች።

ታኅሣሥ 24
ዛሬ ቀጮ የትራስ ልብስ እየተኮሰች፣ «ወይኔ!» ብላ እጇን አራገበች። ትንሽ መቅላት ብቻ ናት። ትደብቀዋለች አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ማሽኑን አጠፋችና፣ «ኑ ስሙኝማ! ቴሌቪዥኑ እንደሆነ ሄዷል» አለች። ሳቁ ፈነዳ። ለካ የጎረቤቷን ባል እያማች ነው እጇን የረሳችው። ከጥግ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ «እጅሽን በየት በኩል ነው ያስገባሽው? እስቲ አሳዪን» አለ። እህቴ ናት።
ሥራ አስኪያጁ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ምነው ቆማችሁ?» አለ።
«ሥራ ላይ ነን» አልኩት።
ማታ እህቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። እጅጌዋን ሰበሰበች። «ቅባቱን ቀቢልኝ፤ በአንድ እጄ አይመቸኝም።»
ቀስ ብዬ ቀባኋት።
«ያምሻል?» አልኳት።
«አዎ» አለች፣ «በጣም ያመኛል።»