«ወንድ ልጅ ከቆረጠ በአንድ ቀን ይተዋል» ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የሱስ ማገገሚያ ማዕከላችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉሮሮዎስ? ባለፈው ወር በአዳራሽዎ ሰብስበው ያን ያህል ከጮኹብን ወዲህ ድምፅዎ ተዘግቶ እንዳይሆን ስሰጋ ሰንብቻለሁ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ የነበርኩት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አጠገቤ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው አናጢ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው። የምጽፍልዎ ምስጋና ነው፤ ቅሬታ ከመሰለዎት የአጻጻፌ ጉድለት አድርገው ይለፉኝ።

፩ኛ፦ ሱስ ምን እንደሆነ ስላስተማሩን። በትምህርትዎ መሠረት ሱሰኛ ማለት ጠጥቶ መንገድ ላይ የሚወድቅ ሰው ብቻ ነው። የእንቅልፍ ኪኒን ለዓመታት ማቆም ያቃታት አክስታችን በሐኪም ስለታዘዘላት የለችበትም፤ ዓይኑን ከስልክ ቁማር መንቀል ያልቻለው የጎረቤታችን ልጅም ዕድሉን የሚሞክር ወጣት ነው። እርስዎም ንግግርዎን እያቋረጡ ወደ ጓሮ ብቅ ይሉ የነበረው ንጹሕ አየር ፍለጋ እንደነበር ሲመለሱ ከኮትዎ የሲጋራ ሽታ ተረድተናል።

፪ኛ፦ ስለ መግቢያ ደንብዎ። ከንግግርዎ በኋላ ልናስመዘግበው ስንቀርብ፣ የመዝገብ ክፍልዎ ወንድሜን መጀመሪያ መጠጡን ትተህ ና፣ አልጋ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው ብሎ መለሰው። እንዴት ያለ ጥበብ ነው እባክዎ! እንግዲህ እግሩ የተሰበረም ሰው ወደ ሐኪም ቤት በሩጫ ይምጣ።

፫ኛ፦ ይህቺን በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም። ከመድረክ ላይ ጣትዎን ቀስረው ወንድ ልጅ ከቆረጠ በአንድ ቀን ይተዋል ሲሉ፣ እናታችን አልቅሳ እኔም ለምኜ ያልሰማን ወንድሜ እርስዎን ሰማ። ቤት እንደገባን ጠርሙሱን ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። ብዙም ሳይቆይ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጋዝ መያዝ አቃተው፤ ከዚያም የሥራ ቤቱ ወለል ላይ፣ በእንጨት ፍቅፋቂው መሐል፣ አረፋ እየደፈቀ ሲንፈራፈር አገኘሁት። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ያከመችው ሐኪም፣ ሰውነቱ መጠጥ የለመደ ሰው ያለ ሕክምና ክትትል በአንድ ጊዜ ካቆመ ሊሞት እንደሚችል ነገረችኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ? መጠጡ ያልገደለውን ወንድሜን ምክርዎ ሊገድለው ነበር።

ተርፏል፤ ደስ ይበልዎ። እስከ ዛሬም ያምንዎታል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወንድ ብሆን ኖሮ እተወው ነበር እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሐኪም ቤቱ በቅርቡ ያስወጣዋልና፣ ታሞ የመጣን ሰው መቀበል ክብርዎን የማይነካ ከሆነ ያንን አልጋ ይስጡልኝ።

ከጽናትዎ ሥር ቆሜ ወደ ከፍታዎ እያንጋጠጥኩ የምሰናበትዎ፣
የአናጢው ታላቅ እህት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያን ዕለት ላይተርዎን ከጓሮው አግዳሚ ላይ ረስተውት አግኝቼው ነበር። ቆራጥነትዎን እንዲያሳዩን ብዬ ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ማቆም ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።