ቫይረስ ያልደፈራቸው እትዬ «አይበገሬ»፦ ከአረጋውያን መጦሪያችን የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የመጦሪያችን ባልደረቦች በአንጋፋዋ ተንከባካቢ በእትዬ «አይበገሬ» ድንገተኛ ሞት የተሰማንን ከባድ ሐዘን የምንገልጸው ትውከትና ተቅማጡ ገና ከግቢያችን ሳይወጣ ነው። ይህ መግለጫ በተረጋጋ መንፈስ አልተጻፈም፤ ባልዲና ጓንት ይዞ በኮሪደሩ የሚሯሯጠው ሰው ኮቴ አሁንም ይሰማል።

እትዬ በ1996 ዓ.ም. በልብስ አጣቢነት ተቀጥረው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ተንከባካቢነት ተዛወሩ። አልጋ ሲያነጥፉ ይቀልዱ ነበር፤ መድኃኒት አልውጥም ያለን አዛውንት ተቆጥተውም አባብለውም ያስውጡ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የሆድ ቫይረስ ገብቶ ከሥራ አስኪያጅ እስከ ጥበቃ ሁሉንም አልጋ ላይ ሲጥል፣ ቆመው የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከወረርሽኙ በኋላ መጥተው ምራቃችንን የመረመሩ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አስረዱን፦ ከእናትም ከአባትም በወረሱት ዘረመል የተነሳ፣ የተለመዱት የሆድ ቫይረሶች የሚጣበቁበት ነገር አንጀታቸው ላይ የለም። ይህ ግን ከቫይረስ ሁሉ አያድንም፤ ከሌላ የሆድ ሕመምማ ጭራሽ አይከላከልም ብለውናል። የኋለኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው።

ከዚያ ወዲህ ወረርሽኝ በገባ ቁጥር በየተራ ማስታመም ቀረ። የታመሙት ተለይተው የሚተኙበት ክፍል የእትዬ ብቻ ሆነ፤ የዓመት ፈቃዳቸውም በዚሁ ሰበብ ይሰረዝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሆዳቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ተረኛዋ ነርስ «እርስዎንማ ምን ይነካዎታል፣ ድካም ነው» አለቻቸው። እሳቸውም «እውነትሽን ነው የኔ ልጅ» ብለው ሳቁና ተነሡ። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ሐኪም ይጠራለት ነበር። ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ሆስፒታል የደረሱት ከረፈደ በኋላ ነው። ይህ ያንገበግበናል።

ኋላ እዚሁ የተቀጠሩት ልጃቸውም ሲመረመሩ እንደ እናታቸው ሆነው ተገኝተዋል። ያሳፍራል፤ ሐዘን ላይ ተቀምጠው ሳለ ለሚቀጥለው ሳምንት የዚያ የታመሙት ክፍል ተረኛ አድርገናቸው ነበር። ምደባው ተሰርዟል። ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊዎችን ጨምሮ ሁላችንም በየተራችን እንገባለን፤ የሚታመምም ይታመማል።

ለልጃቸው፣ ለእህቶቻቸው፣ ለሥራ ጓዶቻቸውና እጃቸውን ለለመዱት አረጋውያን መጽናናትን እንመኛለን። ልጃቸው ወደ ሥራ እንደሚመለሱ ነግረውናል። የጠየቁንም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔም ሆዴን አመመኝ ያልኩ ቀን እመኑኝ።»

እናምንዎታለን።