የመመለሻው ግማሽ

ሙሌ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሆነ። እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጠይቅህ አልችልም፤ እኔ ግን እንዴት እንደከረምኩ ልንገርህ። መቀመጥ አልቻልኩም። ስቀመጥ እነሳለሁ፣ ስነሳ ምን ፈልጌ እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ያጣጠፍኩትን ልብስ ፈትቼ እንደገና አጣጥፋለሁ። ይህንን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ጊዜ ጥዬው ወጥቻለሁ፤ አንዴ መረቡን ለማየት፣ ሁለቴ ደግሞ የጀልባውን ባትሪ ለማየት።

ቤታችን እንዳለ ነው። እናትህ እማማ ጠጄ አሁንም ከእኔ ጋር ናቸው። ወንድምህ ጌትነት ግን ለአርባህ የመጣ ጊዜ አንድ ነገር ተናግሮ ሄደ። ሴት ብቻዋን ግድብ ላይ ዓሣ አታጠምድም፣ ባትሪው እስኪሞት ልታገሥሽ፣ ሲሞት ግን ጀልባው ይሸጣል፣ እናቴንም ደምበጫ እወስዳታለሁ አለኝ። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እማማ ግን ከመቃብርህ መራቅ አይፈልጉም፣ እኔም ከእሳቸው መለየት አልፈልግም። ይኸውልህ፣ የሁለታችን አብሮ መኖር የጀልባውን ሞተር በሚያዞር አንድ ባትሪ ላይ ተንጠለጠለ።

ከባሕር ዳር ያመጣኸው ዕለት ትዝ ይልሃል? ዝናብ ነበር። ባትሪውን በጋቢህ ጠቅልለህ አንተ በስብሰህ ገባህ። ጣውንት አመጣህብኝ ብዬ ሳቅሁብህ፤ ከዚያ ወዲያ የባትሪው ስም ጣውንቴ ሆኖ ቀረ። ሁልጊዜ ከግድቡ እንደመጣህ ሳትበላ ሶላሩ ላይ ትሰካዋለህ፣ ተርቦ አይደር እያልክ። በየሳምንቱ ክዳኖቹን ከፍተህ ከመለዋወጫ ሱቅ የገዛኸውን የባትሪ ውሃ በጥንቃቄ ትጨምርለታለህ። ወደ መሃል ስትገባ አብዛኛውን በመቅዘፊያ ነው፤ ሞተሩን የምታስነሳው ሲደክምህ ብቻ፣ ያውም በዝግታ። ግማሹ የመሄጃ፣ ግማሹ የመመለሻ ነው ትል ነበር። መለኪያው ግማሽ ላይ ከደረሰ መረቡ ቢሞላም ባይሞላም አዙረህ ትመጣለህ። እኔ ደግሞ ፈሪ እልሃለሁ።

ለእሱ ይህን ሁሉ ስታውቅ ለራስህ ምነው? ደረትህን እየወጋህ ስንት ቀን ደበቅኸኝ? የራስህን ግማሽ አልፈህ ስትሄድ አልነገርከኝም። ይኼ ያናድደኛል፣ ሙሌ። ዛሬም ያናድደኛል።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥፋት ስማ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ ቤቱ አላስቀምጥ አለኝና ያለ መረብ ጀልባውን ይዤ ወጣሁ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ግድቡን ዞርኩት፣ ደግሜ ዞርኩት። ሲሮጥ ደረቴን ቀለል ይለኝ ነበር። መለኪያው ከግማሽ ሲወርድ አይቻለሁ፤ አየሁ እንጂ አልተመለስኩም። መሃል ላይ ሞተሩ አቃሰተና ዝም አለ። መቅዘፊያውን ደግሞ ዳር ጥዬው ወጥቻለሁ። ንፋሱ ቀስ እያለ እስኪገፋኝ ድረስ እስከ ቀትር እዚያው ተቀመጥኩ። ከሄድክ ወዲህ አርፌ የተቀመጥኩት ያኔ ነው፤ ከልቤ ያለቀስኩትም ያኔ ነው። ዳር ስደርስ እማማ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመው ነበር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ለእኔ ነው ያዘቀዘቁት። አልተቆጡኝም፤ እጄን ይዘው ወደ ቤት መለሱኝ።

ያን ሰሞን ሰማዩ ተዘጋግቶ ሶላሩ ሊሞላው አልቻለም። ባትሪው ባዶውን ቆመ። በአራተኛው ቀን ክዳኖቹን ስከፍት ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል። እኔ አልጨመርኩበትም። አጠገቡ የእማማ የጠበል ጀሪካን ባዶውን ተቀምጧል። አስታወስከው? ለአንተ አምጥተውት ሳትጠጣው የሄድክበት ጠበል ነው። ሳያፈሱት አስቀምጠውት ኖሯል። ለልጃቸው ሳይደርስ የቀረውን ለባትሪው አጠጡት። ባትሪ ከተጣራ ውሃ በቀር ሌላ እንደማይስማማው ከየት ይወቁት? የፈሩት ደምበጫን ነው። ምን ልበላቸው?

ተሸክሜው ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ባትሪ ጠጋኙ ገልብጦ አጥቦ አዲስ አሲድ ሞላበት። የምንጭ ውሃ የጨመረበት ማን ነው ብሎ ሲቆጣ፣ እኔ ነኝ አልኩት። ይሠራል፣ የድሮ ጉልበቱ ግን ግማሹ ሄዷል አለኝ። ቤት ስመለስና ሞተሩ ሲነሳ እማማ እልል አሉ። ጠበሉ ነው ያዳነው አልኳቸው። ዋሽቻለሁ፣ ግን አልጸጸትም።

እንግዲህ ግማሹ የሄደበትን ባትሪ ለሁለት ከፍዬ ነው የምኖረው። ከመሄጃው የሚበዛውን እቀዝፋለሁ፤ ክንዴን ብታየው የአራሽ ክንድ ሆኗል። ፈሪ ያልኩህን ሁሉ መልሼ ለራሴ ወስጃለሁ። ጌትነት ባለፈው ሰንበት መጥቶ ሞተሩን ራሱ አስነስቶ አየ፤ ሲነሳለት ራሱን ነቅንቆ ዓሣውን በልቶ ሄደ። ለስንት ጊዜ እንደረታነው አላውቅም። መቀመጡንም ገና አልለመድኩትም፤ ይህን እየጻፍኩ እንኳ እግሬ በር በሩን ይላል።

አልረሳህም ማለት ለማንም ቀላል ነው። እኔ የምገባልህ ቃል ይህ ነው፤ መለኪያው ግማሽ ላይ በደረሰ ቁጥር አስብሃለሁ፣ አስቤህም እመለሳለሁ። አንተን ጠብቀው ያጡህ እናትህ አሁን እኔን ይጠብቃሉ። ነጠላቸውን ዳግመኛ አላስዘቀዝቃቸውም።

ያንተው ጥሩ